ከተማ የሚሆነው መቼ ነው? የከተማነት ማዕረግ በእንግሊዝና በእኛ ሀገር፣ ከሳንሱሲ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ቀላል በሚመስል አንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል፤ አንድ መንደር ከተማ የሚሆነው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሳነሣ መልሱ አይዘገይም። አንዱ «የሕዝቡ ብዛት ሲጨምር» ይላል፤ ሌላው «መብራትና ውኃ ሲገባ»፣ ሦስተኛው «ባንክ ሲከፈት» ይላል። እነዚህ ሁሉ የከተማ ምልክቶች ናቸው፤ ከተማ የሚያደርገውን ነገር ግን አይነኩም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ከ428 ሺህ በላይ ነበር። በዚያው ቆጠራ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207 ሺህ ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። ሳንሱሲ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ በሕዝብ ብዛት ጎንደርን ሁለት እጥፍ ያክል ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ጎንደር ከንቲባ አላት፤ ኮልፌ ቀራንዮ ያለው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ጎንደር ከተማ ናት፤ ኮልፌ ቀራንዮ የከተማ ክፋይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርብናል።

ለንጽጽር እንዲመቸን ከእንግሊዝ ልጀምር። እኛ «ከተማ» በሚል አንድ ቃል የምንጠራውን ነገር እንግሊዞች በሁለት ቃል ይከፍሉታል፤ «ታውን» እና «ሲቲ»። በዕለት ንግግር ትልቁ «ሲቲ»፣ ትንሹ «ታውን» ይባላል። በሥርዓቱ መሠረት ግን ልዩነቱ የመጠን አይደለም። «ሲቲ» መባል ከዘውዱ የሚገኝ ማዕረግ ነው። ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ በሚኒስትሮች ምክር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይሰጣሉ፤ ደብዳቤው የደረሰው ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ላይ «ሲቲ» የሚለውን ይጨምራል።

ድሮ ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነበር። የጳጳስ መንበር ያለበት፣ ካቴድራል የቆመበት ቦታ «ሲቲ» ይባል ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዳዲስ ሀገረ ስብከቶችን ሲያቋቁም መንበሮቻቸው ያረፉባቸው ቦታዎችም ማዕረጉን አገኙ። ይህ ልማድ የተሰበረው የፋብሪካ ከተሞች ባበጡበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1889 የራሷ ጳጳስ ሳይኖራት ማዕረጉን ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ በአመዛኙ የሚሰጠው በዘውዱ በዓላት ጊዜ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 70ኛ ዓመት ሲከበር 39 ቦታዎች አመለከቱ፤ ስምንቱ ተመረጡ። ከእንግሊዝ ሚልተን ኪንስ፣ ኮልቸስተርና ዶንካስተር ከተመረጡት መካከል ነበሩ።

ይህ ማዕረግ ምን ያስገኛል? በሕግ ረገድ ምንም አያስገኝም ማለት ይቻላል። ተጨማሪ በጀት የለውም፤ ተጨማሪ ሥልጣን የለውም፤ የመሬቱን ሕግ አይለውጥም። ከለንደን በስተ ምዕራብ ያለችው ሬዲንግ ከ170 ሺህ በላይ ሕዝብ ይዛ ደጋግማ አመልክታ አላገኘችም፤ በዌልስ ዳርቻ ያለችው ሴንት ዴቪድስ ደግሞ 2,000 የማይሞላ ሕዝብ ይዛ «ሲቲ» ናት። የሬዲንግ ነዋሪ በዚህ ሊከፋ ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱም፣ ግብሩም፣ መንገዱም እንደነበረ ይቀጥላል።

ክብር ብቻ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የሮቸስተር ነገር ነው። ሮቸስተር የጳጳስ መንበር ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ604 ነው፤ በእንግሊዝ ከካንተርበሪ ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛው መንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የአካባቢ አስተዳደሩ እንደ ገና ሲዋቀር የቀድሞው ምክር ቤት ከጎረቤቱ ጋር ተዋሕዶ ፈረሰ። ማዕረጉን በአደራ ይዘው የሚቆዩ ሰዎች መሰየም ነበረባቸው፤ አልተሰየሙም። በዚህ ምክንያት ሮቸስተር «ሲቲ» መሆኗ ቀረ። የሚገርመው ግን ነገሩ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ግብር ሲከፍል፣ ቤት ሲሸጥ ሲገዛ ማዕረጉ አለመኖሩን ያስተዋለ አልነበረም። አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ከተማነቱን በወረቀት ስሕተት ቢያጣ አራት ቀን ሳይታወቅ እንደማይቆይ እናንተም ታውቃላችሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልናገር፤ ነገሩ ከእኛ ጋር ይገናኛል። ሮቸስተር፣ ኮልቸስተር፣ ማንቸስተር፣ ዊንቸስተር፤ የእነዚህ ሁሉ ስም መጨረሻ አንድ ነው። «ቸስተር» የመጣው «ካስትራ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ኮልቸስተርን እንመልከት። ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት «ካሙሎዱኑም» የሚባል ምሽግ ነበር፤ ካሙሎስ የተባለው የጦርነት አምላክ ምሽግ ማለት ነው። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ43 ብሪታንያን ሲወርሩ ቦታውን ያዙ፤ በ49 ጡረታ የወጡ ወታደሮቻቸውን አሰፈሩበት። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ንግሥት ቡዲካ ባስነሣችው ዐመፅ ቦታው በእሳት ጋየ፤ እንደ ገናም ተሠራ። በመካከለኛው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1189፣ ንጉሥ ሪቻርድ ቀዳማዊ ለነዋሪዎቹ የራስ አስተዳደር ቻርተር ሰጠ። «ሲቲ» የሚለውን ማዕረግ ያገኘችው ግን፣ እንዳልኩት፣ በ2022 ነው። ከጦር ሰፈር ተነሥቶ ማዕረግ እስከ መቀበል ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንምጣ። «ከተማ» የሚለው ቃላችን «ከተመ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄድ ነው፤ ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ጦሩን ይዞ ሰፈረ፣ ዐረፈ ማለት ነው። «ሰፈር» የምንለውም «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ «እገሌ ሰፈር ነው የምኖረው» የሚል ሰው ሳያውቀው የድንኳን ቋንቋ ይናገራል። ኢትዮጵያዊው «ከተማ» እና ሮማዊው «ካስትራ» የአንድ ሐሳብ ሁለት መልኮች ናቸው፤ የሁለቱም ሥር ጦር ያረፈበት ቦታ ነው።

ልዩነቱ የእኛ ሰፈር ለብዙ ዘመን ሲነሣና ሲያርፍ መኖሩ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሀገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ተንቀሳቃሽ ሰፈር በዝርዝር ጽፎልናል። የንጉሡ ድንኳን በመካከል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ገበያው፣ የመኳንንቱ ድንኳኖች እያንዳንዳቸው በታወቀ ቦታ ይተከላሉ። ሰፈሩ ተነሥቶ በሌላ ሜዳ ሲያርፍ ያው ሥርዓት ይደገማል። ሰው «የት ነህ?» ቢባል ሜዳው ቢለወጥም ቦታው አይጠፋበትም። ለዚህ ከተማ ሕልውና የሚበቃው የንጉሡ መኖር ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመሠርቱ ያመጡት ለውጥ ድንኳኑን በድንጋይ መለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለዘመቻ ቢወጣም ከተማው ይቀራል።

አዲስ አበባ የተወለደችው በዚህ የቆየ ሥርዓት ውስጥ ነው። ምኒልክ በንግሥና ዘመናቸው ከአንኮበር፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ ተዛውረዋል። እንጦጦ ከፍታው ለጥበቃ ይመቻል፤ ብርዱና የእንጨት እጦቱ ግን አይቻልም። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወርዶ ወደ ፍል ውኃ ሲጠጋ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተመሩ፤ የየመኳንንቱ ስም የሰፈር ስም ሆነ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የአልቫሬዝን ድንኳኖች ያስታውሱኛል። ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆውም ግንብ ሆነ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው።

ይህቺ አዲስ አበባ ግን በተወለደች በዐሥር ዓመት ገደማ ልትነሣ ነበር። ማገዶ አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ባለበት አገር «አዲስ ዓለም» የተባለ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ዋና ከተማው ወደዚያ ሊዛወር ነበር። ወደ አዲስ ዓለም የሚያወጣው መንገድ ከኮልፌ አልፎ፣ ዛሬ አስኮና ሳንሱሲ በምንለው በኩል፣ በቡራዩና በሆለታ አቅጣጫ የሚሄደው የምዕራቡ መንገድ ነው። ያ ዝውውር ቢፈጸም ኖሮ ሳንሱሲ ዛሬ የዋና ከተማ ዳርቻ ሳይሆን በሁለት ከተማዎች መካከል ያለች የመንገድ ማረፊያ ትሆን ነበር፤ ምናልባትም ስም እንኳ አይወጣላትም ነበር።

ዝውውሩን ያስቀረው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ ትክክልም ነው። በዚያን ጊዜ የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ የማገዶውንም ጭንቅ አቃለለ። እኔ ግን ከባሕር ዛፉ እኩል ክብደት የምሰጠው ለሌላ ነገር ነው። መኳንንቱ፣ ነጋዴዎቹና የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ነበር። ድንኳን ይጠቀለላል፤ የድንጋይ ቤት አይጠቀለልም። ብዙዎቹ ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ያፈሰሱበትን ቤት ትተው ለመነሣት አልፈለጉም። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ማርያም ገባችበት። በታሪካችን የነዋሪው ቤት የንጉሡን ድንኳን ያሸነፈበት ጊዜ ቢፈለግ ይህ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማ የገዥው ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ የነዋሪው ንብረት መሆን የጀመረው ያኔ ነው። ምኒልክ ጥቂት ዓመታት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ የአዲስ አበባን ቦታ ይዞታ የሚመለከት ደንብ ማውጣታቸውም የዚሁ ተከታይ ነው። ቦታ የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር ሲሆን፣ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋል።

ስለ ድሬዳዋ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ልበል፤ ለብቻዋ አንድ ንግግር የሚገባት ናትና። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል ሲያልፍ የተወለደች ከተማ ስትሆን፣ ንጉሥም ጳጳስም ሳይሆን የባቡር ሐዲድ የመሠረታት ናት።

ቀጥሎ ወደ ሕጉ እገባለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬ ዋናው እዚህ ላይ ነውና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የኢትዮጵያን ከተሞች በሁለት ወገን አስቀመጠ። አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች ሆኑ፤ ሌሎቹ በዝርዝሩ የተጻፉት በከተማ ሹም የሚመሩ አነስተኛ ከተሞች ሆኑ። እንግሊዝ ድሮ ጳጳስ ያለውንና የሌለውን ትለይ እንደነበረ ሁሉ እኛም ከንቲባ ያለውንና ሹም ያለውን ለየን። የጎንደር በመጀመሪያው ረድፍ መቀመጥ በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ራሱ ከጎንደር ዘመን ጋር የኖረ ነው። ስለዚህ ያ አዋጅ ታሪክንም ያከበረ ነበር ለማለት እደፍራለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የራሷን ቻርተር አገኘች።

እስከዚህ ድረስ የእኛና የእንግሊዝ መንገድ ብዙም አይራራቅም። በ1967 ዓ.ም. ግን ተለያየን። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ አንድ የገበሬ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ ሊያርስ ይችላል ተባለ። በሐምሌ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ የመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። እስቲ አስሉት። 10 ሄክታር 100,000 ካሬ ሜትር ነው። ከከተማው ወሰን በዚያኛው በኩል ለሚኖር ሰው የተፈቀደው ጣሪያ በዚህኛው በኩል ከሚኖረው ጣሪያ 200 እጥፍ ነበር። በእርግጥ ዳርቻው ላይ 10 ሄክታር የነበረው ገበሬ ስንት እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የከተማ ወሰን የሚለየው ሁለት ስሞችን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሁለት የመሬት ሕጎችን ሆነ። ይህ ዛሬም አልተለወጠም።

በእንግሊዝ «ሲቲ» መሆን የመሬቱን ሕግ እንደማይነካ ተናግሬያለሁ። በኢትዮጵያ «ከተማ» መሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው መሬቱን ነው። ሮቸስተር አራት ዓመት ማዕረጓን አጥታ ሳትታወቅ የቆየችው፣ የእኛ መንደር ግን አራት ቀን የማይቆይበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለውን ትርጓሜ እንመልከት። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ ማለት ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበት፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሠራተኛ ኃይሉ ግማሹ በዋናነት ከግብርና ውጭ ባለ ሥራ የተሰማራበት ቦታ ነው ይላል። ተማሪዎቼ ከዚህ ትርጓሜ ውስጥ 2,000ን ይይዛሉ፤ 50 በመቶውንም ይይዛሉ። እኔ የማሰምርበት ግን «ወይም» የሚለውን ቃል ነው። ከ«ወይም» በፊት ያለው ከላይ የሚመጣ ከተማ ነው፤ መንግሥት ማዘጋጃ ቤት ካቋቋመ ከተማ ነው። ከ«ወይም» በኋላ ያለው ከታች የሚበቅል ከተማ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማረሻውን ትቶ፣ በንግድና በእጅ ሥራ መኖር ከጀመረ ከተማ ነው። የንጉሡ ድንኳንና የነዋሪው ቤት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። (በነገራችን ላይ፣ ያቺ የዌልስ ሴንት ዴቪድስ ማዘጋጃ ቤት ባታቋቁም ኖሮ በእኛ አዋጅ ከተማ አትባልም ነበር።)

ክልሎች ደግሞ በዚህ ላይ የየራሳቸውን ደረጃ ሠርተዋል። በአማራ ክልል ታዳጊ ከተማ፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤት፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ከተማ አስተዳደር እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። የደረጃ ዕድገት የሚጠይቅ ሕዝብ ለምን አጥብቆ እንደሚጠይቅ ለውጭ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለእኛ ግን ግልጽ ነው። ደረጃው ሲያድግ የሰው ኃይል መዋቅሩ ያድጋል፤ ውሳኔ ለማግኘት ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይቀራል፤ ፕላን ይሠራል፤ ቦታ ይመራል። ለኮልቸስተር ያልተሰጠው ሁሉ እዚህ ይሰጣል። ስለዚህ «ለስም ነው የሚሟገቱት» የሚለውን ንቀት የተሞላ አነጋገር አልቀበለውም።

አሁን ወደ ሳንሱሲ እንምጣ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው የሰፈሩን ስም ሲሰማ «ያለ ሐሳብ» የሚል ትርጉም ያለውን ሐረግ ማስታወሱ አይቀርም፤ የፕራሻው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክም በፖትስዳም ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ሐረግ ጠርቶታል። የእኛው ሳንሱሲ ግን ሐሳብ የማያጣ ቦታ ነው። ወደ አምቦ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አዲስ አበባ ከቡራዩ ጋር በምትገናኝበት ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዚህ መንገድ ታክሲ ተሳፍሮ የሄደ ሰው ከተማው የት እንዳለቀና ሌላው የት እንደጀመረ በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ሱቁ ያው ነው፤ ሕንፃው ያው ነው፤ በቆሎ ጠባሿም ያቺው ናት። ድንበሩ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ መታወቂያ በሚሰጠው ቢሮ፣ ልጅ በሚማርበት ቋንቋ፣ የቤት ካርታ በሚያወጣው ማኅደር ውስጥ ነው።

ወደ ምዕራብ የተስፋፋው ከተማ ታሪክ ረዥም ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ያን ሰፈር ዛሬም «አዲስ ከተማ» እንለዋለን፤ ገበያውም መርካቶ ሆነ። ገበያ ሲዞር ሰው ይከተላል፤ ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ያለው ኮልፌም በዚያው ግፊት አደገ። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ለአዲስ አበባ ፕላን እንዲሠሩ የተጠሩት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ፤ የ1944ቱን የታላቋ ለንደን ፕላን የሠሩት ናቸው። ለአዲስ አበባም ከለንደን ያመጡትን ሐሳብ አቀረቡ፤ ዋናው ከተማ ከመጠን በላይ እንዳያብጥ በዙሪያው ሳተላይት ከተሞች ይቋቋሙ አሉ። ይህ ሐሳብ በእንግሊዝ «አዲስ ከተሞች» የሚባሉትን አስገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተችው ሚልተን ኪንስ ከእነርሱ አንዷ ናት፤ በ55 ዓመቷ «ሲቲ» ተባለች። በእኛ ዘንድ ዙሪያ ከተሞቹ ያደጉት ግን በአበርክሮምቢ ፕላን ሳይሆን በመንገዱ፣ በፋብሪካውና በቤት ኪራይ ውድነት ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ የፌዴራሉ መንግሥት ርእሰ ከተማ ናት፤ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፤ ኦሮሚያ ክልልም በእርሷ ላይ የሚኖረው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ተጽፏል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩና ክልሉ በወሰን ጉዳይ ስምምነት ላይ ደረሱ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን አዋሕዶ «ሸገር» የተባለ አንድ ከተማ አቋቋመ። ስለዚህ ከሳንሱሲ ወደ ምዕራብ የሚራመድ ሰው ከከተማ ወደ ገጠር አይወጣም፤ ከአንድ ትልቅ ከተማ ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ ይሻገራል። ቡራዩ ከተማነቷን አግኝታ በሰፊው ከተማ ውስጥ ክፋይ ሆነች፤ የኮልፌ ቀራንዮ ጎረቤት በመዋቅርም ኮልፌ ቀራንዮን መሰለች ማለት ነው።

የዚህን ፖለቲካ ለሌላ መድረክ ልተወውና መሬቱ ላይ ልቆይ። በእነዚህ ከተሞች ዳርቻ የሚያርስ ሰው አለ። መሬቱ በገጠር ሕግ እስከ ሆነ ድረስ ይዞታው የጊዜ ገደብ የለውም፤ ለቤተሰቡ ያወርሰዋል። ወሰኑ ተሻግሮት ቦታው ለከተማ ልማት ሲፈለግ ይዞታው ያበቃል፤ በምትኩ ካሳ ይከፈለዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው የሚነሣ ባለይዞታ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር አባዝቶ ይከፍል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በዐሥራ አምስት ያባዛል። መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስሌቱን ልብ በሉት፤ የሚባዛው የገብስና የጤፍ ገቢ ነው። ቦታው በበነጋው በሊዝ ሲወጣ፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚሰጠው፣ በከተማ ዋጋ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የተፈጠረው በገበሬው ማረሻም በገዥው ግንባታም አይደለም፤ «ከተማ» በሚለው ቃል ነው። የቃሉ ዋጋ ለማን ሊገባ ይገባል? የከተማ ጥናት ሰዎች በዚህ ላይ ጠንከር ብለን መናገር አለብን ባይ ነኝ። ከዚያ ልዩነት ውስጥ የተወሰነው፣ በየጊዜው የሚከፈል ድርሻ ሆኖ፣ ለተነሣው ቤተሰብ ሊቀጥል ይገባል የሚለው አቋሜ ነው። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚሰጥ ገንዘብ አንድ ጊዜ ያልቃል፤ ሊዙ ግን 99 ዓመት ይኖራል።

ሌላው የምሟገትለት ነገር ከእንግሊዝ ልንወስደው የምንችል ትንሽ ነገር ነው። ማዕረጋቸው ባዶ ነው ብዬ ቀለድኩ እንጂ ማመልከቻቸው ባዶ አይደለም። ኮልቸስተር ስታመለክት የከተማዋን ታሪክ፣ ቅርስና የነዋሪዋን ማንነት ጽፋ አቅርባለች፤ ጽሑፉም ይቀራል። እኛ ጋ ወሰን ሲሰፋ፣ ከተማ ሲዋሐድ፣ ቀበሌ ወረዳ ሲሆን የቀድሞው ስምና መዝገብ አብሮ ይበተናል። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ የአዲስ አበባ ወጣት የወላጆቹን «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ቁጥር ቢጠየቅ አያውቀውም፤ የቤቱ የመጀመሪያ ወረቀት ግን የተጻፈው በዚያ ቁጥር ነው። ዳርቻ ላይ ክርክር ሲነሣ የሚፈለገው ያ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እድር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚበቅል ሰፈር ብዙ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት በፊት እድር ያቋቁማል። ሰው በአዲስ ቦታ ቤት ሠርቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳስበው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ነውና። እድሩ ሲቋቋም ስም ይወጣለታል፤ አባላት ይመዘገባሉ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ድንኳን ይገዛል። አዎን፣ እንደ ገና ድንኳን፤ የዚህኛው ድንኳን ባለቤት ግን ንጉሥ ሳይሆን ጎረቤት ነው። የአዋጅ 574 ሁለተኛው ክፍል፣ ከታች የሚበቅለው ከተማ፣ የልደት የምስክር ወረቀት ቢፈለግለት በብዙ ሰፈር የሚገኘው በእድሩ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮ የመስክ ሥራችን በሳንሱሲና በአካባቢው ይሆናል። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው። በመጀመሪያ የእድር ጸሐፊዎችን በአክብሮት፣ በቀጠሮ አነጋግሩ፤ የሐዘን ቀን አትሂዱ። መዝገቡን ከእጃቸው አትውሰዱ፤ ፈቃድ ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ፎቶ አንሡ፤ የአባላትን ስም ሸፍኑ፤ ቀኑንና የእድሩን ስም አስቀሩ። ቀጥሎ አረጋውያኑን የቤት ግብር ደረሰኝ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ማኅተም በየዘመኑ የማን እንደሆነ መዝግቡ። የገጠር መሬት መጠቀሚያ የከፈለ፣ ቆይቶ የከተማ ቦታ ኪራይ የከፈለ አንድ ቤት ብታገኙ ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የቀኖቹን ልዩነት ጻፉልኝ። ካርታውን የምንሥለው ከዚያ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያዎቹ ከዲፓርትመንቱ ይሰጣሉ፤ ባትሪያቸውን ግን ቀድማችሁ ሞክሩ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።